ሚሽን ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው እህታችን

ጥያቄሽን ላሳጥረው። የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነሽ። በእረፍት ጊዜሽ ለሁለት ሳምንት ሌላ አገር ሄዶ ነፃ ሕክምና የሚሰጥ ቡድን፣ ሚሽን የሚሉትን፣ አግኝተሻል። ክፍያ ይጠይቃል፤ «ቀዶ ሕክምና ላይ እጅሽን ታስገቢያለሽ» ብሎሻል። እኔ ተማሪ ሆኜም ሐኪም ሆኜም እንዲህ ካሉ ቡድኖች ጋር ሠርቻለሁ። መሄዱን አልጠላም። ይህን ቡድን ግን አልወደድኩትም።

ያልወደድኩት በዚያችው በቀዶ ሕክምናዋ ወሬ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪን በዚህ የሚያባብል ቡድን ታካሚውን መለማመጃ አድርጎታል። አገርሽ ላይ ያልተፈቀደልሽ ነገር ድንበር ስለተሻገርሽ አይፈቀድልሽም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2011 እ.ኤ.አ. ውጭ አገር ሄደው ታካሚ ለሚያዩ ተማሪዎች መመሪያ አውጥቷል፤ ተማሪ ከሥልጠናው በላይ የሆነ ነገር እንዳይነካ ነው የሚለው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው የዕርዳታ ድርጅትም ወደ ሥራ ቦታው ተማሪ አይልክም። የሚፈልገው ትምህርቱን የጨረሰ፣ የሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ ነው።

«ታዲያ ተማሪ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ትዪኝ ይሆናል። ሞልቶ! ሂስትሪ ትወስጃለሽ (የሕመሙን ታሪክ ትጠይቂያለሽ)፣ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት) ትለኪያለሽ፣ ካርድ ትጽፊያለሽ፣ ሲኒየር ሐኪም አጠገብሽ ቆሞ ትመረምሪያለሽ። አንድ ቀን ወረፋው በዝቶ ቁስል የሚሰፋ ሰው ጠፋ። የቡድኑ መሪ አንዱን ተማሪ «ና፣ አንተ ስፋው» አለው። ልጁ «ሰፍቼ አላውቅም፤ መብራቱን ልያዝልዎት» አለ። የመሪው ፊት ጠቆረ፤ ግን መጥቶ ራሱ ሰፋው። እኔ ያን ልጅ የትም ይዤው ብሄድ ደስ ይለኛል።

ቡድን ስትመርጪ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብሽ «እኛ በሄድን ማግስት ታካሚውን ማን ያየዋል?» ብለሽ ነው። አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ግፊታቸው ሲለካ 190 በ110 ሆነ፤ በጣም ከፍተኛ ነው። ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን የአንድ ወር በላስቲክ ተሰጣቸውና መርቀውን ሄዱ። የጤና ጣቢያው ነርስ አጠገባችን ቆማ ነበር። «ሲያልቅባቸውስ?» አለች። መልስ የሰጣት የለም። ግፊት ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ በሽታ ነው። ኪኒኑ ሲያልቅ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ታክሜያለሁ ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ጥሩ ቡድን እዚያው ጣቢያ መዝገብ ላይ ያስመዘግባቸዋል፣ እዚያው አገር የሚገኝ መድኃኒት ያዝላቸዋል፣ ቀጠሮአቸውንም ለነርሷ ያስረክባል። ቀዶ ሕክምና ሲሆንማ ይብሳል። ቁስሉ የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ ቡድኑ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ነው።

መድኃኒት ካነሳን አይቀር፣ «ይዘሽ ሂጂ» ብለው ሻንጣሽ ውስጥ የሚጨምሩልሽን ሁሉ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን እዪ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዕርዳታ የሚሄድ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው ይላል።

ቋንቋውን ካልቻልሽ አስተርጓሚ ያስፈልግሻል። ቶሎ የሚገኘው ደግሞ የታካሚዋ ልጅ ነው። ስለ ወር አበባ ወይም ቤት ውስጥ ስለሚደርስ ዱላ በልጇ በኩል አትጠይቂ። እውነቱን አትነግርሽም፤ ልጁም የማይችለውን ይሰማል። ቡድኑ የሠለጠነ አስተርጓሚ መመደቡን ቀድመሽ አረጋግጪ።

የራስሽንም ጤና ቸል አትበይ። የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱ ክትባቶች በተለመደው መርሐ ግብር ስድስት ወር ይፈጃሉ፤ ካልተከተብሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። ሲያልቅም ክትባቱ መያዙን በደም ምርመራ እዪ። የቢጫ ወባ ምስክር ወረቀት የሚሠራው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ለጉዞ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚሮጥ ተማሪ አይጠፋም። ወባ ያለበት ቦታ ከሆነ መከላከያውን ከተመለስሽም በኋላ ትቀጥያለሽ፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ከሆነ ለ4 ሳምንት። ታካሚ የተወጋበት መርፌ በስህተት ቢወጋሽ ደግሞ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። «መድኃኒቱ እጃችሁ ላይ አለ ወይ?» በያቸው። «አታስቢ፣ ይገኛል» ካሉሽ የለም ማለት ነው።

ታካሚ ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ብዙ አልልም። አገርሽ ዋርድ ውስጥ የማታነሺውን እዚያም አታንሺ።

ክፍያ መጠየቃቸው ብቻውን ነውር አይደለም። ተማሪ መቀበል ለተቀባዩ ሆስፒታል ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ሐኪሙ ላንቺ ሲያስረዳ ወረፋው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ከምትከፍይው ላይ ለሆስፒታሉ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሩሽ። ነገሩን ማድበስበስ ከጀመሩ እዚያው ተያቸው።

ምርጫ ካለሽ ግን እኔ የተማሪ ልውውጡን እመርጥልሻለሁ። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተማሪዎችን በአገሮች መካከል ያለዋውጣል። አንድ ክፍል ትመደቢያለሽ፣ ከአገሩ ሐኪሞች ጋር ራውንድ (የተኙ ታካሚዎችን እየዞሩ ማየት) ትዞሪያለሽ፣ የሚያስተምሩሽም እነሱ ናቸው። ታካሚው የእነሱ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ እነሱ እዚያው ናቸው። እንደ ሚሽኑ ለወሬ አይመችም። ለትምህርት ግን የትና የት!

ለጊዜው ምንም እንዳትከፍይ። የሚቆጣጠርሽ ሐኪም ማን እንደሆነ፣ የቡድኑ ሐኪሞች እዚያ አገር የመሥራት ፈቃድ እንዳላቸው፣ ከሄዱ በኋላ ክትትሉን ለማን እንደሚያስረክቡ ጽፈሽ ጠይቂያቸው። የመለሱልሽን እዚሁ አስቀምጪልን፤ አብረን እናየዋለን።