የጎማና የቸርኬ ጥያቄዎቻችሁ፦ ለሐረጎ መንገድ ስንት ቁጥር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ማታ እወጣለሁ። አንዳንድ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ እሄዳለሁ። በቅርቡ የ2003 ሞዴል ቢኤምደብሊው 320 ገዛሁ። ዕድሜው ቢገፋም ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ኩርባ ላይ አያያዙ ልቤን ወስዶታል። ጎማው ላይ 205/55 አር 16 ይላል። ለመኪናው አነሰ መሰለኝ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አንድ ነጋዴ ሦስት ምርጫ አቀረበልኝ። አንዱ ከ5 ሲሪስ ቢኤም የወረደ 17 ቸርኬ ነው፤ «ቢኤም ለቢኤም ነው፣ ዝም ብለህ ግጠመው» አለኝ። ሁለተኛው 18 ነው፣ ጎማው 225/40። ሦስተኛው 19 ነው፣ ጎማው 235/35። ዓይኔም የጓደኞቼም ዓይን 19ኙ ላይ ነው። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ በደህና ንዳው። መልሱን አላቆይብህም። 19ኙን ተወው። 17 ግዛ፤ ነገር ግን ነጋዴው ያሳየህን 17 አይደለም።

መጀመሪያ ጎማህ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። 205 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 55 ግን ሚሊሜትር አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱን 55 በመቶ ያህላል ማለት ነው። ስለዚህ ከቸርኬህ ጠርዝ እስከ አስፋልቱ 113 ሚሊሜትር ያህል ጎማ አለህ። 16 የቸርኬው ቁጥር ነው፣ በኢንች።

አሁን ሌሎቹን በዚሁ ስሌት አስላቸው። 225/45 አር 17 ብትገጥም ጎኑ 101 ሚሊሜትር ይሆናል። 225/40 አር 18 ከሆነ 90። 235/35 አር 19 ከሆነ 82 ብቻ። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። ያ የቀነሰው ጎማ ደግሞ ጉድጓዱን የሚቀበልልህ ነበር። ድንጋይ ስትመታ መጀመሪያ የሚታጠፈው የጎማው ጎን ነው፤ አሞርዛተሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጎኑ ካነሰ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። አባቴ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ነበር። እኔም ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች ጎማ ሲፈታና ሲያስር እያየሁ አደግሁ። ሱቁን ከእሱ ተረክቤ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። አንድ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ልክ እንዳንተ 19 አማረው። ቸርኬውን ገዝቶ መጣ፤ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከደሴ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ያዘው። የክረምቱን ጉም አንተም ታውቀዋለህ፤ አንዳንዴ የራስህ መብራት ተመልሶ ፊትህን ይሸፍነዋል። ኩርባ ላይ ከገደሉ የወረደ ድንጋይ ነበር። የፊተኛውም የኋለኛውም ጎማ በአንድ ጎን ተሰነጠቀ፤ የፊተኛው ቸርኬ ከውስጥ በኩል ተሰበረ። የያዘው እስኮርታ አንድ ነው፣ የፈነዱት ሁለት። ኩርባው ላይ በጉም ውስጥ ቆሞ ነው የደወለልኝ፤ ከላይ የጭነት መኪና እየወረደ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቼ እስክደርስ ድረስ የነበረኝን ጭንቀት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው 19 አልገጥምም። ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም አልገጥምም።

ስለ ድምር ቁመቱም ልንገርህ። አሁን ያለህ ጎማ ከነቸርኬው ከዳር እስከ ዳር 632 ሚሊሜትር ያህል ነው። 225/45 አር 17 ወደ 634 ይመጣል፤ ልዩነቱን መኪናው አያውቀውም። 18ኙ 637 ነው፣ እሱም ደህና። 19ኙ ግን 647 ይደርሳል። ይህ 2.4 በመቶ ጭማሪ ነው። ቆጣሪህ 100 ሲል ከበፊቱ ከ2 ኪሎሜትር በላይ ፈጥነህ እየሄድክ ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ ቆላው አይጎትትም። ማታ ዳገቱን ስትወጣ ሞተሩ፣ ጠዋት ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬኑ ያንን ክብደት ይሸከማሉ።

አሁን ወደ ነጋዴው 17 እንምጣ። ይህን በደንብ አንብብልኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። «ቢኤም ለቢኤም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ያንተ መኪና ኢ46 የሚባለው ነው። አምስት ቡሎን አለው፤ ቡሎኖቹ የሚቀመጡበት ክብ 120 ሚሊሜትር ነው። የዚያ ዘመን 5 ሲሪስ፣ ኢ39 የሚባለውም ልክ እንዲሁ 5 በ120 ነው። ስለዚህ ቡሎኑ ይገባል። ነጋዴው ያየው እዚህ ድረስ ነው።

ቸርኬውን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። 8ጄ 17፣ ቀጥሎ አይኤስ 20 የሚል ልታገኝ ትችላለህ፤ የኢ39 ብዙ 17 ቸርኬዎች እንደዚያ ናቸው። 8ጄ የቸርኬው ስፋት ነው፣ 8 ኢንች። አይኤስ ያለውን ቁጥር ሌሎች ፋብሪካዎች ኢቲ ብለው ይጽፉታል። ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ ላይ የሚያርፈው የቸርኬው ፊት ከስፋቱ መሐል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደተቀመጠ ይነግርሃል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ያንተን 16 ብትገለብጠው 7ጄ እና 47 ማለት አለበት። ከ47 ወደ 20 ስትሄድ 27 ሚሊሜትር ወጣህ። ቸርኬው በአንድ ኢንች ስለሰፋ በውጭው በኩል ወደ 13 ሚሊሜትር ተጨመረ። ድምሩ 40 ነው። ጎማህ አራት ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው! ሦስት ሰው ጭነህ ጉድጓድ ስትገባ ፓራፋንጎው ጎማውን ይበላዋል። ኩሽኔታውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ሌላም አለ። የኢ39 ቸርኬ መሐል ቀዳዳው 74.1 ሚሊሜትር ነው። ያንተ ሞዞ 72.6 ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ በልኩ አይቀመጥም፤ ትንሽ ካዘነበለ ፈጠን ስትል መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ብታሠራ ብታሠራ አይለቅህም። ይህኛውን ለማስተካከል ቀለበት ይሸጣል። አራቱን ሴንቲሜትር ግን ቀለበት አይመልሰውም።

የጃፓን መኪና ቸርኬ ካሳዩህ ደግሞ አትንካው። ብዙዎቹ 5 በ114.3 ናቸው። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ «ቡሎኑን አጥብቀን እናስገባዋለን» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የታሰረ ቡሎን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አንድ ቀን ይለቃል። ሐረጎ ላይ ደግሞ ጎማ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርህም።

እንግዲህ የምትፈልገው ይህ ነው፦ 17 ቸርኬ፣ 8ጄ፣ ኢቲ ወይም አይኤስ 47፣ 5 በ120፣ መሐል ቀዳዳው 72.6። ጎማው 225/45 አር 17። ቢኤምደብሊው ራሱ ኢ46 ላይ ይህን ልክ አውጥቷል። ከልኩ ቀጥሎ የምታየውን 91 እና ቪም አትዝለል። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎሜትር ፍጥነት ይችላል ማለት ነው። ያንን ፍጥነት እንደማትሞክረው አውቃለሁ። ጭነቱ ግን ቀልድ አይደለም። 225/40 አር 18 ተራው ዓይነት 88 ነው፣ 560 ኪሎ። 18 ልግጠም ብትል እንኳ 92 የተጻፈበትን፣ የተጠናከረውን መፈለግ ነበረብህ። አስፋልት ላይ ብቻ ብትነዳ 18ን አልከለክልህም ነበር። የደሴን ኮብልስቶን እየነዳህ ግን እኔ አልመክርህም።

ያገለገለ ቸርኬ ስትገዛ ባላንስ ማሽን ላይ አስዙረህ እይ። ውስጠኛውን ጠርዝ በጣትህ ዳስ። ብየዳ ካገኘህበት ተመለስ፤ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰደው። ሲገጠም ሞዞው ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ይጥበቁ። ደሴ ኮምቦልቻ ሁለቴ ከተመላለስክ በኋላ፣ 100 ኪሎሜትር ገደማ ሲሞላ፣ እንደገና አስጠብቃቸው።

ከ16ቶቹ ደግሞ ጥሩውን አንዱን ለእስኮርታ አስቀምጥ። ቁመቱ ከ17ቱ ጋር ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም። አዲሱ ቸርኬ የራሱ ቡሎን ካለው የድሮዎቹን አምስት ቡሎኖች ከክሪኩ ጋር አብረህ አስቀምጣቸው። እስኮርታ ይዘው ቡሎኑ እምቢ ብሏቸው መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ሱቄ ድረስ በእግር መጥተዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከከሚሴ ነኝ። ለኮሮላዬ «አዲስ» የተባለ ጎማ ገዛሁ። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ቁጥር አለ። ባለቤቴ 19 የተሠራበት ዓመት ነው ይላል። እኔ ደግሞ 2019 ገና አልደረሰም እላለሁ። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ባለቤትሽ ልክ ነው እህቴ፤ ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 23 ሳምንቱ ነው፣ 19 ዓመቱ። በፈረንጅ 2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። በእኛ ሲቆጠር 2011 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ይውላል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል። እኔ ስድስት ዓመት ያለፈውን «አዲስ» ብዬ አልሸጥም። አስር ዓመት የሞላውን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አወርደዋለሁ። ያንቺን ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ጎኑንና የጥርሱን ሥር እዪው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ደረሰኝሽን ይዘሽ ሂጂና መልሺለት። ስንጥቅ ባይኖርም በአዲስ ዋጋ መግዛት አልነበረብሽም፤ ተከራከሪው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነው የምጽፈው፣ ስድሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ጎማዬን 32 አስሞልቼ ባቲ ስደርስ 37 አሳየ። እዚያ ያለው ልጅ «ይፈነዳል፣ ላስተንፍሰው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አያስተንፍሱት። ጎማ ሲነዳ ይሞቃል፤ ባቲ ደግሞ ከሐይቅ በጣም ትሞቃለች። ሙቀቱ አምስት ስድስት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ በአንድ ቁጥር ያህል ከፍ ይላል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን አስበው ነው የቀዝቃዛውን ልክ የወሰኑት፤ የሹፌሩ በር ጎን ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ባቲ ላይ አምስቱን ቢያስተነፍሱት በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ ላይ 27 ያገኙታል። ሲሄዱ የሚፈነዳው ያ የላላው ነው።