ሁለቱ ኃላፊዎች አይነጋገሩም፤ ለእኔ ግን ሁለቱም ያወሩኛል

ጥያቄ፦

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ከአምስት ወር በፊት የአንድ ድርጅት የቆዩ የደንበኞች መዝገቦችን አጣርቼ ወደ አዲስ ሲስተም እንዳዛውር የስምንት ወር ኮንትራት ፈረምኩ። ያስፈረመኝ የአይቲ ክፍል ነው፤ መዝገቦቹ ግን በደንበኞች አገልግሎት ክፍል እጅ ናቸው። የሁለቱ ክፍሎች ኃላፊዎች ከተኳረፉ ቆይተዋል። እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ ለእኔ ግን ሁለቱም ያወሩኛል። የደንበኞች አገልግሎቷ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ስለ እኔ ምን ይላል?» ይሉኛል። የአይቲው ኃላፊ ደግሞ በር ዘግተው የእሳቸውን ጥፋት ይዘረዝሩልኛል።

ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ዘግይቷል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አሉበት። የደንበኞች አገልግሎት ዝርዝሩን ዘግይቶ ላከ፤ አይቲ ደግሞ የሲስተሙን አሠራር ሁለት ጊዜ ቀይሮ የጨረስኩትን እንደገና አሠራኝ። አሁን የአይቲው ኃላፊ በአጋማሽ ሪፖርቱ ላይ ጥፋቱ የዚያኛው ክፍል ብቻ መሆኑን እንድጽፍ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ እያንዳንዱን መዝገብ ማን እንዳስገባው የሚያሳይ ዓምድ ስላለ፣ ብዙ ስህተት የሠሩትን ጸሐፊዎች ስም ለይቼ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። «ውልሽን ለማራዘም የምፈርመው እኔ ነኝ» አሉኝ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ ፈገግ ብለው ነው።

ቋሚ ሠራተኞቹ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። የመግቢያ ባጄ እንኳ ቀለሙ ከእነሱ የተለየ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እኔ ያዘጋጀሁት ገለጻ ባልተጠራሁበት ስብሰባ ላይ በሌላ ሰው ስም ቀረበ። ከአንዳቸው ጋር ልወግን? ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ልሂድ? ወይስ ትቼው ልውጣ?

በሁለት በር መካከል የቆምኩ

መልስ፦

እኅቴ፣ በዕድሜ ብዙ እበልጥሻለሁና «አንቺ» ልበልሽ። በኮንትራት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የያዘው የባጁም የገለጻውም ነገር አይደለም፤ የጸሐፊዎቹ ስም ነው። ከእሱ ልጀምር።

ስሞቹን አትስጪ።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአንድ መጋዘን የዕቃ መዝገብ እንዳስተካክል ተዋዋልኩ። እዚያም የተኳረፉ ሁለት ኃላፊዎች ነበሩ፤ የግዢውና የፋይናንሱ። የግዢው ኃላፊ ለእኔ መልካም ነበሩ። ጠረጴዛ ያስገኙልኝ፣ ክፍያዬ ሲዘገይ ደውለው ያስጨረሱልኝ እሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድጨምር ሲጠይቁኝ ውለታቸው ያዘኝና «መዘግየቱ የመጣው በፋይናንስ ክፍል ቸልተኝነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። የፋይናንሱን ኃላፊ ትንሽ ቢጎረብጣቸው ነው ብዬ ነበር። እሳቸውን ምንም አልነካቸውም። ያቺ «ቸልተኝነት» የምትል ቃል ከላይ ወደ ታች ስትንከባለል ሄዳ ያረፈችው ደረሰኝ ትመዘግብ በነበረች አንዲት ወጣት ላይ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳትና ከክፍሉ ተዛወረች። ደረሰኞቹ ዘግይተው ይደርሷት የነበረው ግን ከራሱ ከግዢ ክፍል ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩትም። እኔ ክፍያዬን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ሁለቱ ኃላፊዎችም ዓመት ሳይሞላ ታረቁ። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። በሪፖርት የወጣ ደግሞ የግል ፋይል ውስጥ ገብቶ ሰውየው በተነሣ ቁጥር ይነበባል።

አንቺ የተጠየቅሽው ዝርዝር ደግሞ ከእኔዋ ቃል የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር ስላለው እውነት ይመስላል። አስቢው፦ 10,000 መዝገብ አስገብታ 200 ላይ የተሳሳተች ጸሐፊ፣ 500 አስገብቶ 50 ላይ ከተሳሳተው ሰው በላይ ከዝርዝሩ አናት ላይ ትወጣለች። የእሷ ስህተት ከመቶ ሁለት ነው፣ የእሱ ከመቶ አሥር። ብዙ ቢሮ ውስጥ ደግሞ በአንድ ሰው የይለፍ ቃል ሦስት ሰው እየገባ ይሠራል፤ ስሙ የአንዱ፣ እጁ የሌላው ነው። ይህን ሁሉ ማጣራት ከውልሽ ውስጥ የለም። የተሰጠሽም መዝገቡን እንድታዛውሪ እንጂ ሰው እንድትመዝኚበት አይደለም። ለኃላፊው በአጭሩ፣ በኢሜይል፣ በአክብሮት ጻፊላቸው፦ «የጠየቁኝ የስም ዝርዝር በውሌ የሥራ ወሰን ውስጥ የለም፤ ስህተቶቹን በዓይነት ለይቼ ግን ላቀርብ እችላለሁ።» ከዚያም በእርግጥ አቅርቢ፤ ስንቱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ ስንቱ ስልክ ቁጥር የለውም፣ ስንቱ ላይ ቀኑና ወሩ ተገለባብጧል። ይህ ለሥራው ይጠቅማል፤ ማንንም አያስቀጣም።

ወደ አጋማሽ ሪፖርቱ ስንመጣ፣ እውነቱን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ሁለቱም አሉበት። እንደዚያው አስቀምጪው፣ ግን ያለ ቅጽል። «ቸልተኝነት»፣ «ትብብር ማጣት»፣ «ደካማ ክትትል» የሚሉ ቃላት ከሪፖርትሽ ይውጡ። በቦታቸው ቀን ይግባ። «የደንበኞች ዝርዝር በ9ኛው ሳምንት ይጠበቅ ነበር፤ በ12ኛው ደረሰ። የሲስተሙ አሠራር በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ተቀይሯል፤ በዚህ ምክንያት ይህን ያህል የሥራ ቀን እንደገና ተሠርቷል።» ሳምንቶቹን እኔ ለምሳሌ ያህል አስቀመጥኳቸው፤ ያንቺን ከኢሜይሎችሽ አውጪ። ቀን አይቆጣም፣ አይወግንም፤ ማንም «ጠላኝ» ሊልበት አይችልም።

ዋናው ግን ሪፖርቱ እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምረሽ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአሥር መስመር ያልበለጠ ማስታወሻ ለሁለቱም ኃላፊዎች በአንድ ኢሜይል ላኪ። ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ምን ከማን ይጠበቃል። ለአንዱ ያልነገርሽውን ለሌላው አትንገሪ፤ ለአንዱ በቃል የነገርሽው ሁሉ ለሁለቱም በጽሑፍ ይድረስ። መጀመሪያ ላይ የአይቲው ኃላፊ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ያስፈረሙሽ እሳቸው ናቸውና «ለምን ለእሷም ትልኪያለሽ?» ቢሉ መልስሽ ቀላል ነው፤ መረጃው የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ። ብዙ ቢሮ ውስጥ አድርጌዋለሁ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ በር ዘግቶ ማውራቱ ይቀንሳል፤ አንቺ ጋ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃላ።

ኮሪደር ላይ «ምን ይላል?» ስትባዪስ? እዚህ ላይ ብዙ የኮንትራት ሠራተኛ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሰው ምስጢሩን ሲሰጠው ደስ ስለሚለው ነው። ለአላፊ አግዳሚ ምስጢር ማውራት ይቀላል። ነገ ይሄዳል ተብሎ ይታመናል። አድምጪ፣ አትሸከሚ። «ከእሳቸው ጋር የማወራው ስለ መዝገቡ ነው» በይና የዚያን ቀን የጎደለሽን መረጃ ጠይቂያቸው። ወሬ ሲነግሩሽም ሐሳብ አትጨምሪበት፤ የሰማሽው ሁሉ የአንድ ወገን ግማሽ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ የታሪክ ነገር አለ። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በብዙ የኢጣሊያ ከተሞች ትልልቅ ቤተሰቦች በጎራ ተከፍለው ሲጋጩ ከተማው መላ ፈለገ፤ ከሌላ ከተማ ሰው ተዋውሎ አመጣና ዳኛና አስተዳዳሪ አደረገው። «ፖዴስታ» ይሉታል። ውሉ ለአንድ ዓመት፣ በኋላም ብዙ ቦታ ለስድስት ወር ነበር። በብዙ ከተሞች ከነዋሪው ቤት ገብቶ እንዳይበላ፣ በከተማው ውስጥ ዘመድም እንዳይኖረው ይከለከል ነበር። ዘመኑ ሲያልቅም ወዲያው አይሄድም፤ ሥራው እስኪመረመርና ቅሬታ ያለው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ይቆያል። እነዚያ ሰዎች የገባቸው ነገር ነበር፦ የውጭው ሰው የሚፈለገው የውጭ ስለሆነ ነው። የአንዱ ቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ቀን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ ለምን ከሩቅ ይመጣል? አንቺም ከአንዱ ጋር ብትወግኚ ለወገንሽለት ራሱ ዋጋሽ ይወርዳል። የአንቺ ቁጥር የሚታመነው የማንም ስላልሆንሽ ነው።

«የምፈርመው እኔ ነኝ» ስለተባለው፦ ይህ ቃል የሚይዝሽ መራዘሙን ስትጠብቂ ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ውልሽ በስምንተኛው ወር እንደሚያልቅ አድርገሽ አስቢ። በስድስተኛው ወር ሌላ ሥራ መጠየቅ ጀምሪ። የርክክብ ሰነዱንም አሁን ጀምሪው፤ የትኛው ሠንጠረዥ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ውሳኔ በማን ጥያቄ መቼ እንደተወሰነ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፊ። ውሉንም እንደገና አንብቢ፤ ሥራሽን ተረክቦ ለክፍያ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈልሽ እወቂ። ብዙ ሰው ውሉን የሚያነበው ሲፈርምና ሲጣላ ብቻ ነው።

የባጁ ቀለም ያስከፋሽ መሆኑ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1992 የኮንትራት ሠራተኞች ማይክሮሶፍትን ከሰው ነበር። ከቋሚዎቹ ጋር በአንድ ቡድን፣ በአንድ ኃላፊ ሥር እየሠሩ ባጃቸው በቀለም፣ የኢሜይል አድራሻቸውም በአጻጻፍ ይለይ እንደነበር፣ በአንዳንድ የድርጅቱ ዝግጅቶችም እንዳይገኙ ይከለከሉ እንደነበር የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጽፎታል። የሚከራከሩት ለቋሚዎቹ በሚሰጠው ጥቅማ ጥቅም ነበር፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ስለዚህ የሚሰማሽ ነገር የአንቺ ስስነት አይደለም። የቋሚዎቹ ዝምታ ግን ንቀት አይመስለኝም። የቆየ መዝገብ የሚያጠራ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ በኋላ እኛስ?» ነው፤ የስም ዝርዝሩ ወሬ ከደረሳቸው ደግሞ ዝም ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከእነሱ መካከል ብዙ ዓመት የቆየችውን ፈልጊና መዝገቡ ላይ ያልገባሽን ነገር ጠይቂያት። እሷ ሳታስረዳሽ የማትፈቺው ነገር እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። የነገረችሽን በማስታወሻሽ ላይ ከነስሟ ጻፊው።

ስለ ገለጻው፦ ሥራው በውሉ መሠረት የድርጅቱ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከእንግዲህ በምታዘጋጂው ሰነድ ሁሉ ግርጌ ላይ ስምሽንና ቀኑን አኑሪ፣ «ለጥያቄ መልስ እንድሰጥ ልገኝ» ብለሽም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ በጸቡ ምክንያት አትሂጂ፤ ሦስተኛ ጎራ ትከፍቻለሽ። የሚያስኬድሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈረምሽበት ሪፖርት ካንቺ እጅ ከወጣ በኋላ ተቀይሮ ከቀረበ። ለዚህ ብለሽ የላክሽውን ከነቀኑ አስቀምጪ። ይህ ከሆነና ካልታረመ ያን ጊዜ መውጣትም ይገባል። ካልሆነ ግን ሦስቱን ወር ጨርሺ።

ሪፖርቱን ከላክሽ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ፤ በተለይ የጸሐፊዎቹን ነገር።