ፕላትሌት ወርዶ ሳለ ደም ለምን ይረጋል?

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። በሰባተኛው ቀን ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሴል) ከ210,000 ወደ 80,000 ወረደ፤ እግሯ አብጦ ሲታይ ደም ረግቷል ተባልን። ሐኪሞቹ ሄፓሪኑን አቁመው ሌላ ደም ማቅጠኛ ጀመሩላት። ፕላትሌት ይሰጣት ብንልም እምቢ አሉ። ፕላትሌት ሲያንስ ሰው ይደማል እንጂ ደሙ ይረጋል እንዴ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከአዳዲስ ሐኪሞችም እሰማዋለሁ። የተጠረጠረው ሄፓሪን ራሱ የሚያስከትለው የፕላትሌት መውረድ ነው። መድኃኒቱ ፒኤፍ4 ከሚባል የፕላትሌት ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ አንዳንድ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ያ ደግሞ ፕላትሌቶቹን ቀስቅሶ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ቁጥሩ የወረደው መቅኒ ማምረት አቅቶት ሳይሆን ያሉት እየረጉና እየተወገዱ ስላለቁ ነው። ብርቱ መድማት ሳይኖር ፕላትሌት መጨመር እሳት ላይ ጭድ መወርወር ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞቹ ልክ ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕላትሌት መውረዱ የተለመደ ነው። ማገገም ጀምሮ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና በግማሽ ከወረደ ግን ሄፓሪንን እጠረጥራለሁ። በቅርብ ወራት ሄፓሪን የወሰደ ሰው ላይ በአንድ ቀን ውስጥም ሊከሰት ይችላል። በእርግጥ ኢንፌክሽንና ሌሎች መድኃኒቶችም ፕላትሌት ያወርዳሉ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ነጻ ካለ ጥርጣሬው በአብዛኛው ይነሣል፤ አለ ካለ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይታመሙም የሚያመርቱት ብዙዎች ናቸውና።

ጥርጣሬው ከበረታ ውጤት አይጠበቅም። ሄፓሪን ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ (ካቴተር) የሚታጠብበት ትንሿ መጠን ሳትቀር! እሷ ናት ሁልጊዜ የምትረሳው፤ አልጋው ራስጌ ላይ «ሄፓሪን ክልክል» ተብሎ ካልተለጠፈ እኔ አልረካም። የሄፓሪን ዘመድ የሆነው ኢኖክሳፓሪንም አይተካውም። አርጋትሮባን ወይም ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል ሌላ ደም ማቅጠኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ምርጫው የጉበትና የኩላሊትን አቅም ይከተላል። ዋርፋሪን የሚባለው የሚዋጥ ደም ማቅጠኛ ፕላትሌቱ 150,000 ሳይደርስ መጀመር የለበትም፤ ቀድሞ ከተጀመረ ቆዳን፣ አንዳንዴም እግርን እስከ መግደል ያደርሳል። የረጋ ደም ስለተገኘባቸው ደም ማቅጠኛው አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።

ፀረ እንግዳ አካሉ ብዙውን ጊዜ በ100 ቀን ገደማ ይጠፋል። ቢሆንም ሕመሙ ከተረጋገጠ እናትዎ ከሆስፒታል ሲወጡ ይህ ሕመም እንደነበረባቸው በጽሑፍ ይሰጥዎት፤ ወደፊት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው ማደንዘዣ የሚሰጣቸው ባለሙያ ጽሑፉን አስቀድሞ ማየት አለበት።