ቡናና ሻይ ካፌይንን ከአንድ አያት ወረሱት?

ወንድሜ፣ «ሁለቱም ካፌይን ካላቸው ጂኑን ከአንድ ቅድመ አያት አላገኙትም ወይ? የጂኖቹን ብዛት ማወዳደርስ አይበቃም?» ብለሃል። ሁለቱም አይደለም።

ካፌይን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሜቲልትራንስፌሬዝ ከሚባል ሰፊ የጂን ቤተሰብ ይወጣሉ። ካፌይን የሚባል ነገር የማያውቁ ዕፅዋትም የዚህ ቤተሰብ ጂኖች አሏቸው። በ2014 የሮቡስታ ቡና ጂኖም (ሙሉው የዘረመል ስብስብ) ሲታተም የቡናው ጂኖች ከሻይና ከካካዎ ጋር ተነጻጸሩ። የቡናዎቹ በዘር ሐረጉ ላይ ለብቻቸው ቅርንጫፍ ሠሩ። ማለትም ቡና በራሱ መንገድ ነው የደረሰበት። ጂኑ እዚያው ጎን ለጎን ደጋግሞ ተቀዳ። አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ከያዘ ሌላው አዲስ ሥራ መልመድ ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ብዛትን በተመለከተ ተጠንቀቅ። የእኛው አረቢካ የሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የተባለ ሌላ የቡና ዝርያ ዲቃላ ስለሆነ የሁለቱንም ጂኖም ይዟል። ከሮቡስታ ጋር ብታወዳድረው ሁሉም ቤተሰብ እጥፍ የሆነ ይመስልሃል። መጀመሪያ ኦርቶፋይንደር በተባለው፣ የተለያዩ ዝርያዎችን ጂኖች በቤተሰብ በሚመድብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቤተሰቦቹን ለይ። ከዚያ የእያንዳንዱን የዘር ሐረግ አይተህ ጂኑ የተባዛው ዝርያዎቹ ከመለያየታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ፈትሽ። አረቢካን ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክርህም፤ በሮቡስታ ጀምር።