የጤፍ ፓተንትና የዘር ሀብት ስምምነቶች፦ ጠይቁኝ

«ጤፋችንን ሆላንድ ሰረቀችው» የሚለው ወሬ በየጊዜው ብቅ ስለሚል ጥያቄያችሁን ወርውሩ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤፉን በትክክል ማን ነው የወሰደው?

መልስ፦ ዘሩ የሄደው በፊርማ ነው። በ2005 የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩታችን ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ ከሚባል የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ 12 የጤፍ ዝርያ ሰጠ። ኩባንያው ጥቅሙን ሊያካፍል፣ በጤፉ የዘር ሀብት ላይም የባለቤትነት መብት ላይጠይቅ ፈረመ። ውሉ ሲያነቡት ያምራል። ግን የኩባንያው ሰዎች ገና በ2003 የጤፍ ዱቄት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አመልክተው ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም በ2007 አጸደቀላቸው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፣ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ አለፈ፣ እኛ ጋ የቀረው ከከሰረ ድርጅት ጋር የተፈረመ ወረቀት ነው። ከዚህ ሁሉ ኢትዮጵያ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። አዎ፣ አራት ሺህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንጀራ መጋገር ተከልክሎ ነበር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። ይሄኛው ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ የተፈጨ የጤፍ ዱቄትን፣ ከሱ የሚሠራውን ሊጥና ምግብ ጭምር ይዟል። እህልን ጎተራ አቆይቶ ማስፈጨት ለእኛ ምኑ አዲስ ነው? በ2018 የሆላንዱ የሄግ ከተማ ፍርድ ቤትም ፈጠራ የለበትም ብሎ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ሻረው። የሚያናድደው፣ ክርክሩ የኩባንያዎች ነበር፤ ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም።

ጥያቄ፦ የዓለም ስምምነቱ ምን ሠራ ታዲያ?

መልስ፦ በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ወሳጁ ያስፈቅዳል፣ ጥቅሙን ያካፍላል። ዘሩ ከድንበር ከወጣ በኋላ ግን ማን ይከታተለው? ገንዘቡ የሚሠራው እዚያ፣ ዘበኛው እዚህ። የዚሁ ስምምነት ማሟያ የሆነው የናጎያ ፕሮቶኮል ተቀባዩም አገር እንዲቆጣጠር ያስገድዳል፤ ግን የጸደቀው በ2010፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። ለጤፍ አልደረሰም። በነዚህ ድርድሮች የአፍሪካን ወገን ይዘው ሲሟገቱ የኖሩት የኛው ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ብዙ ሰው አያውቃቸውም፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ቡናስ?

መልስ፦ በ2001 የጸደቀው የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) የዘር ስምምነት ሲወጣ አገሮች ዘሩን በጋራ ደንብ በሚጠቀሙበት የሰብል ዝርዝር ውስጥ ገብስና ስንዴ ገቡ፤ ቡናና ጤፍ አልገቡም። ስለዚህ በነዚህ በሁለቱ ላይ ከሚፈልጋቸው ጋር ለብቻ መደራደር ይቻላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው፤ ከአገር ቤት የጤፍ ዱቄት ይዤ ብመለስ ችግር አለው?

መልስ፦ ለመብል ከሆነ የዘር ሀብት አዋጁ (ቁጥር 482/1998፣ ይሄ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) አይመለከትህም፤ የጉምሩክና የኳራንቲን ጣጣው ሌላ ነው። ዘር ለምርምር ወይም ለማዳቀል ልትወስድ ካሰብክ ግን ፈቃድ ያስፈልግሃል። በነገራችን ላይ አሜሪካ የሪዮውን ስምምነት ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም።

ጥያቄ፦ ዘሩ ሳይሄድ የጂን መረጃው ብቻ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣስ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ዛሬ ተመራማሪ ፍሬውን ሳይነካ ከኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሠራል፤ የሚፈትሸው ጉምሩክ የለም። ለዚህ በ2025 የካሊ ፈንድ ተከፈተ፦ ከዚህ መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ የመድኃኒት፣ የመዋቢያና የዘር ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠበቃል፤ ቢያንስ ግማሹም ለነባርና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ታስቧል። ስምምነቱ ግን «ቢከፍሉ መልካም ነው» ነው የሚለው። ካልከፈሉ የሚጠይቃቸው የለም።