ከኢንተርስቴት ወጥቶ በዩ.ኤስ. 50 አሜሪካን ማቋረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ዩ.ኤስ. 50 ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ተነሥቶ በካሊፎርኒያ እስከ ዌስት ሳክራሜንቶ 3,000 ማይል ያህል የሚዘልቅ አሮጌ አውራ ጎዳና ነው። ብዙዎቻችን ለሥራ የምንመላለስበት የቨርጂኒያው አርሊንግተን ቡልቫርድም የእርሱ አካል ነው። በዚህ መንገድ ለመጓዝ ያሰቡ ወገኖች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች ምላሼ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤን ይዤ ከቨርጂኒያ ሳክራሜንቶ ለመሄድ አስቤአለሁ። ከኢንተርስቴት (ግዛቶችን ከሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ) አንጻር ምን ያህል ያዘገየኛል?

መልስ፦ በኢንተርስቴት አምስት ቀን ለሚበቃዎት ጉዞ ስምንት ቀን ይመድቡ። ጊዜ የሚወስደው መንገዱ በየከተማው መሐል ማለፉና በብዙ ቦታ ባለ አንድ አንድ መስመር መሆኑ ነው። ያን ያህል ፈቃድ ከሌለዎት ግን ሙሉውን እንዲነዱ አልመክርም፤ በኢንተርስቴት 70 እስከ ካንሳስ ፈጥነው ሄደው ከዚያ ወደ ዩ.ኤስ. 50 ቢወርዱ ምርጡን ክፍል ያገኙታል። የኦሃዮና የኢንዲያና ወዳጆቼ ግዛታቸውን ስላስዘለልሁ ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄ፦ የመንገዶቹን ዓይነት ከምልክታቸው መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ኢንተርስቴት ሰማያዊና ቀይ ጋሻ፣ የዩ.ኤስ. መንገድ ደግሞ ጥቁር ቁጥር ያለበት ነጭ ጋሻ አለው። በሁለቱም ዘንድ ተጋማሽ ቁጥር (እንደ 50 እና 70) ያላቸው ዋና መንገዶች በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ጂ.ፒ.ኤስ. ደጋግሞ ወደ ኢንተርስቴት ይመልሰኛል፤ «ሃይዌይ አስወግድ» የሚለውን ልምረጥ?

መልስ፦ አይምረጡ፤ ወደ ገጠር ኮረኮንች ሊያስገባዎት ይችላል። ከዚህም በላይ ዩ.ኤስ. 50 ራሱ በዩታ ረጅሙን ርቀት ከኢንተርስቴት 70 ጋር ተደርቦ ይሄዳል። የሚያልፉባቸውን ከተሞች በየተራ ማረፊያ አድርገው ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ኔቫዳ ውስጥ ነዳጅ አይገኝም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይገኛል፤ ነገር ግን ከተሞቹ የተራራቁ ናቸው። ላይፍ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ክፍል ከአሜሪካ መንገዶች ሁሉ ጭር ያለው ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢሊ እስከ ዩሬካ 77፣ ከዚያ እስከ ኦስቲን 70፣ ከኦስቲን እስከ ፋሎን ደግሞ 110 ማይል ገደማ ነው፤ በመካከል ማደያ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ በኦስቲን የነዳጁ ዋጋ ቢያስደነግጥዎትም ሞልተው ይውጡ። መንገዱ ከአንድ ተራራ ወርዶ ሰፊ ሜዳ ያቋርጥና እንደገና ሌላ ተራራ ይወጣል፤ በሜዳው ላይ ከሩቅ የሚታየው መኪና እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የስልክ መስመር ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድመው ያውርዱ፣ ውሃም በብዛት ይያዙ። ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጠው ይመልከቱ፦ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በተጠባባቂ ጎማ ፋንታ ትንሽ የአየር መሙያና የማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ የጎማው ጎን ከተቀደደ እርሱ አይረዳዎትም።

ጥያቄ፦ በሌሊት መንዳትስ?

መልስ፦ አይንዱ። ማታ አጋዘን፣ በኔቫዳ ደግሞ አጥር የሌለው የግጦሽ መሬት ስለሆነ ከብት መንገድ ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ከፖሊስ ቅጣት እንዴት እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ወደ ትንሽ ከተማ ሲቃረቡ በሰዓት 70 ማይል የነበረው የፍጥነት ገደብ በአጭር ርቀት ውስጥ እስከ 25 ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱን እንዳዩ ይቀንሱ። መሐሉ ባልተከፈለ መንገድ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራቱን አብርቶ ከቆመ ከፊት ለፊት የሚመጣውም መቆም አለበት፤ ኢንተርስቴት የለመደ ሰው ይህን ይዘነጋል።

ጥያቄ፦ ጉዞአችን በፍልሰታ ጾም ነው። ምን እንበላለን?

መልስ፦ በማደያዎቹ የሚሸጠው በአብዛኛው ሥጋና አይብ ነው። በሜክሲኮ ምግብ ቤቶች ባቄላ ታገኛላችሁ፤ በአሳማ ስብ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ ግን ጠይቁ። ቆሎ፣ ዳቦና ለሞቴል ክፍል የሚሆን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብትይዙ፣ ሞቴሉ ከፈቀደ፣ ሽሮ አያቅታችሁም።

ጥያቄ፦ የኮሎራዶው ሞናርክ ፓስ (የተራራ ማቋረጫ) ያስፈራል?

መልስ፦ ከፍታው 3,448 ሜትር ስለሆነ ከእንጦጦም ይበልጣል፤ በአሜሪካ በጋ (በሰመር) ግን መንገዱ ሰፊና ጥሩ አስፋልት ነው። ሲወርዱ ፍሬን ረግጠው አይቆዩ፤ ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ ይያዝልዎት። ፍሬኑ ከሸተተ ዳር ይዘው ቆመው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።