«ሁለት ሞል» ወይስ «ሁለት ሞሎች»?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የማብራራው በአማርኛ ነው። ተማሪዎቼ «ሁለት ሞልስ ሃይድሮጅን» ይላሉ። እኔ ሰሌዳ ላይ «ሁለት የሃይድሮጅን ሞሎች» ብዬ እጽፋለሁ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና «ሁለት ሞል ሃይድሮጅን» ይበሉ። አማርኛ መለኪያን ከቁጥር አስከትሎ ሲያመጣ አያበዛውም። ሱቅ ገብቶ «ሁለት ኪሎዎች ስኳር» የሚል የለም፤ «ኪሎስ»ማ ጭራሽ! ሞልም መለኪያ ነው። ልዩነቱ ቅንጣት መቁጠሩ ነው፤ አንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ይይዛል። ግሱም ነጠላ ይሁን፦ «ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ጋዝ ከአንድ ሞል ኦክስጅን ጋዝ ጋር ተዋህዶ ሁለት ሞል ውሃ ይሰጣል።» ቁጥር ካልቀደመው «ሞሎች» ማለት ክልክል አይደለም።

ከ«ሞልስ» ይልቅ እኔ የምፈራው መለኪያው ጨርሶ ሲዋጥ ነው። ባለሱቁ «ሁለት ስኳር» ስንለው ኪሎ መሆኑ ይገባዋል። ይህንኑ ልማድ ይዘን ክፍል ስንገባ ግን ነገር ይበላሻል። «ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን» ሲባል የሰማ ተማሪ በግራም ቢያስበው አይፈረድበትም። 2 ለ 1 የሚሆነው በሞል እንጂ በግራም አይደለም። ሚዛን ላይ ሲወጣ 4 ግራም ሃይድሮጅን 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ 1 ለ 8 ማለት ነው። ደግሞም ሦስት ሞል ገብቶ የሚወጣው ሁለት ሞል ነው። ግራሙ ግን 36 ገብቶ 36 ይወጣል። ተማሪው «ሦስት ገብቶ እንዴት ሁለት ወጣ?» ብሎ ቢጠይቅዎት፣ መለኪያው ካልተጠራ ምን ብለው ይመልሱለታል?

«ኦክስጅን»ም ብቻውን ያወዛግባል። አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም 16 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን ሞለኪውል ግን 32 ግራም ይመዝናል። «ጋዝ» የምትለዋን ቃል የጨመርኩት ለዚህ ነው፤ ጋዙ የሚገኘው በሞለኪውል መልክ ነውና። ፈተና ሲያወጡ «5 ሞል ውሃ ለማግኘት ስንት ግራም ኦክስጅን ጋዝ ያስፈልጋል?» ብለው ይጻፉ። የሚፈለገው 2.5 ሞል፣ በግራም 80 ነው። ጮክ ብለው ሲያነቡት «ሁለት ሞል ተኩል» ቢሉም ያምራል፤ «ሁለት ኪሎ ተኩል» እንደምንለው።